ጥይት መሙያ ጠረጴዛ፦ የተገዛው፣ የተገጣጠመውና በ2×4 የተሠራው

አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሙሉና ከፕሬሱ፣ ማለትም ቀለህን በእጀታ እየጫነ ወደ ልኩ ከሚመልሰው መሣሪያ፣ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ቅባት የተቀባ የ.308 ጠመንጃ ቀለህ ፕሬሱ ላይ አድርጋችሁ እጀታውን እስከ ታች ሳቡ፣ መልሳችሁም አንሡ። የውሃው ፊት ትንሽ ቢርገበገብ ምንም አይደለም። ከብርጭቆው ከፈሰሰ ግን ጠረጴዛው ለምሳ እንጂ ለጥይት ሥራ አይሆንም። የሱቅ መግለጫ ላይ የሚጻፈው “ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ይሸከማል” የሚለው ቁጥር ይህን አይነግራችሁም፤ እሱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ክብደት ነው። ፕሬስ አይቀመጥም፣ ይወዘውዛል።

ይህ ግምገማ አሜሪካ ውስጥ ለአደንና ለዒላማ የሚተኩሱትን ጥይት ቤታቸው ለሚሞሉ ነው። በፌዴራል ሕግ ለራስ የሚሆን ጥይት ለመሙላት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን የጥይት አምራች ፈቃድ፣ ማለትም ዓይነት 06፣ ይጠየቃል። የግዛታችሁንና የከተማችሁን ደንብ፣ ተከራይ ከሆናችሁም የኪራይ ውላችሁን ቀድማችሁ ተመልከቱ። አገር ቤት ያለው ዘመድ አይቶ እንዳይሞክረው፦ በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፣ የጓሮ ሥራ አይደለም።

ጠረጴዛውን የሚፈትነው ምንድን ነው?

ፕሬሱ የሚታሰረው ከጠረጴዛው ፊት ጠርዝ ላይ ነው። እጀታው ሲሳብ መላው ፕሬስ ወደ ፊትና ወደ ታች መገልበጥ ይፈልጋል፣ የኋላ ብሎኖቹም ወደ ላይ ይነቀላሉ። እጀታው ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ የጠመንጃ ቀለህ አንገት ከዳዩ (ቀለሁን ልክ ከሚያስይዘው የብረት ቅርጽ) ውስጥ ካለው ማስፊያ ላይ ሲላቀቅ ፕሬሱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አሁን የሚነቀሉት የፊተኞቹ ናቸው። ይህ በአንድ ምሽት 200 ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ጠረጴዛው የሚደክመው ከላይ በተጫነበት ክብደት ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው መወዛወዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚላላውም የእግሩ መጋጠሚያ ነው።

“ታዲያ ቢወዛወዝስ?” ለሚል፣ ጉዳቱ ሦስት ቦታ ላይ ይታያል። አንደኛ፣ ባሩድ መመጠኛው ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ንዝረቱ ባሩዱን አንዴ ይጠቀጥቀዋል፣ አንዴ ይተወዋል። መመጠኛው የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት ስላልሆነ፣ የተጠቀጠቀው ባሩድ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ክብደቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) ቀለሁ ታች ካለው ጉድጓዱ ሲገባ የጉድጓዱን ወለል መንካቱን የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው። ፕራይመሩ ከቀለሁ ታች ጋር እኩል ወይም በጥቂት ሺኛ ኢንች ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጠረጴዛው ከተለመጠ ግን እጃችሁ የሚሰማው ፕራይመሩን ሳይሆን እንጨቱን ነው። ሦስተኛ፣ እንደ ዲሎን 550 ወይም 750 ባሉ ተከታታይ ፕሬሶች ላይ ባሩድ የያዘው ቀለህ ክፍቱን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራል። በእያንዳንዱ መንገጫገጭ ጥቂት ፍሬ ባሩድ ይፈናጠራል፤ የጎደለ ባሩድ ደግሞ አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ቀጣዩ ተኩስ ከኋላው ከመጣ መሣሪያው ይፈነዳል።

የሽጉጥ ጥይት ብቻ እጅግ ጠንካራ በሆነው ካርባይድ በተሠራ ዳይ ለሚሞላ ሰው ኃይሉ በጣም ያንሳል፣ ከታች የምንለውን ግማሹን ቢያደርግ ይበቃዋል። .308ን፣ .30-06ን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ ለሚመልስ ግን አቋራጭ የለም።

የተገዙት

አራት መሳቢያ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ በሃርበር ፍሬይት “ዩኮን” በሚል ስም ይሸጣል፣ ሌሎችም ተመሳሳይ አላቸው። መልኩ ያምራል። ለእጅ ሥራ፣ ለቀለም፣ ለትንንሽ ጥገና ጥሩ ነው። ለፕሬስ ግን አሠራሩ ራሱ ይቃወማችኋል፦ መሳቢያዎቹ የሚገኙት በትክክል የፕሬሱ ብሎኖች ወደ ታች ማለፍ ያለባቸው ቦታ ላይ ነው። ብሎኑ ከመሳቢያው ጋር ይጋጫል፣ ዳዶውን የምታጠብቁበት ቁልፍም መግቢያ የለውም፣ ከፕሬሱ ሥር የሚንጠለጠለው የፕራይመር መጣያ ቱቦም መሳቢያው እንዳይከፈት ያደርጋል። አንዱን መሳቢያ አውጥታችሁ በቦታው ወፍራም ጣውላ ካልሰጣችሁት በቀር ገንዘባችሁን ለመሳቢያ ነው የከፈላችሁት። ቀድሞ የገዛ ሰው እንዳይጥለው፤ ለቀለህ መቁረጫና ማጽጃ ያውለው።

በእጅ ማዞሪያ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ እንደ ሆም ዲፖው ሀስኪ ያለው፣ የብረት ፍሬምና ድፍን የእንጨት ገጽ አለው። ከመሳቢያው ዓይነት በእርግጥ ይሻላል። ችግሩ አንዱ ቱቦላሬ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት እግር መሆኑ ነው፤ ለመንሸራተት ደግሞ ክፍተት ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ዝቅ ሲል አይታወቅም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይሰማል። የሚስማማችሁን ቁመት አንዴ ካገኛችሁ ሁለቱን ቱቦዎች በአንድ ላይ በትራፓኖ በስታችሁ በብሎን ቆልፏቸው። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ከፍና ዝቅ አይልም። ማንም ቢሆን ይህን በየሳምንቱ አይቀይርም፣ አትጨነቁ።

ከተገዙት ሁሉ የሚሻለው ቋሚ የብረት እግርና ቢያንስ 1½ ኢንች ውፍረት ያለው ድፍን የሜፕል ገጽ ያለው የፋብሪካ ዓይነቱ ነው። የተዘጉ ድርጅቶች ዕቃ ሲሸጡ በጨረታ ይገኛል። ስታዩት አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፦ እግሩ ከኋላ በኩል አግድም ወይም ሰያፍ ማሰሪያ አለው? ከሌለው ሁለት አንጎላሬ አስበይዱለት።

ጠረጴዛ ማስቀመጫ ቦታ ለሌለው ሁለት መፍትሔ አለ። የሊ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አንድ ፕሬስ ይይዛል። ሦስት እግር ስለሆነ ጎርበጥባጣ ወለል ላይ አይንገዳገድም፣ ነገር ግን ራሱ ቀላል ነው፤ ከታች መደርደሪያ አድርጋችሁ 50 ወይም 60 ፓውንድ የአሸዋ ከረጢት ካልጫናችሁበት እጀታው ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ሁለተኛው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው የብላክ ኤንድ ዴከር ወርክሜት ነው። ፕሬሱን ከ2×10 ጣውላ ላይ በብሎን እሰሩ፣ ከጣውላው ሥር አንድ ቁራጭ 2×4 አቁማችሁ አጣብቁ፣ ያንን ቁራጭ በወርክሜቱ መንጋጋ አስይዙት። እርከን ያለው ሞዴል ከሆነ አንድ እግራችሁን እርከኑ ላይ አሳርፉ፣ የእናንተው ክብደት ይይዘዋል። ሲጨርሱ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ለኮንዶሚኒየም ኑሮ ከዚህ የሚሻል አላየንም።

የተገጣጠሙት

መጋዝ ብዙ ላልለመደ ሰው መገጣጠሚያ የሚሸጡ ሁለት የታወቁ አሉ፣ እንጨቱን እናንተ ትገዛላችሁ። 2×4 ቤዚክስ የሚባለው እግሩና መያዣው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሁሉም ቆረጣ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሱቁ ራሱ ይቆርጥላችኋል። ሲምሰን ስትሮንግ ታይ ደግሞ የብረት ማዕዘኖችን ከነ ቪቴው በአንድ ሣጥን ይሸጣል። ለፕሬስ ምርጫችን የብረቱ ነው። ፕላስቲኩ ክብደት ይችላል፣ ነገር ግን ከፊት ወደ ኋላ ሲወዛወዝ ትንሽ ይለጠጣል። በሁለቱም ላይ የኋላውን በ½ ኢንች ኮምፔንሳቶ ካልሸፈናችሁት ወይም ከግድግዳ ጋር ካላሰራችሁት ሥራው አላለቀም።

በ2×4 የሚሠራው

ሥራው አንድ ቅዳሜና ግማሽ እሑድ ይወስዳል። ከሁሉ የሚጠነክረውም ይኸው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ፕሬሱን ግዙ። ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ሠርቶ ፕሬሱን ሲያመጣ ቀዳዳው ከፍሬሙ ጋር ተጋጭቶ ያገኘዋል። የፕሬሱን መሠረት ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ጠርዙንና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ አንሡ፤ ያ ወረቀት ከንድፉ ሁሉ ይበልጣል።

አሜሪካ ውስጥ 2×4 የሚባለው እንጨት በእውነቱ 1½ በ3½ ኢንች ነው፣ ¾ የሚባለው ኮምፔንሳቶም ብዙውን ጊዜ 23/32 ነው። ይህን ረስቶ የሚያሰላ ሰው ጠረጴዛው አንዱ ጋ አጥሮ አንዱ ጋ ረዝሞ ይቀርበታል። የሚከተለው ልክ ገጹ 72 በ24፣ ቁመቱ 36 ኢንች ለሆነ ጠረጴዛ ነው።

የሚያስፈልገው 8 ጫማ ርዝመት ያለው 2×4 ስምንት ፍሬ፣ 4 በ8 ጫማ የሆነ የ¾ ኮምፔንሳቶ አንድ፣ ለኋላው የ½ ኢንች ግማሽ ሉክ፣ ለገጹ መሸፈኛ ⅛ ኢንች ሃርድቦርድ፣ ራሱ ድቡልቡል የሆነ 3/8 በ5 ኢንች ብሎን 16 ከነ ዳዶና ሮንዴላው፣ 3 ኢንች የግንባታ ቪቴ አንድ ሣጥን፣ 2½ና 1¼ ኢንች ቪቴ፣ የእንጨት ኮላ። ስፓክስ ወይም ጂአርኬ ከሚባሉት ቪቴዎች ግዙ። ጥቁሩ የጂፕሰም ቪቴ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ደረቅ ብረት ስለሆነ ሳይጎብጥ ይሰበራል፤ ራሱ ከውስጥ ቀርቶ ገጹ ተላቆ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንጨቱን ስትመርጡ ማኅተሙን አንብቡ። “ኤስ-ድራይ” ወይም “ኬዲ” ካለ እርጥበቱ 19 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ነው የተላገው። “ኤስ-ጂአርኤን” ካለ ርጥብ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ሲደርቅ ይጠባል፣ ይጣመማል፣ ያጠበቃችሁት ብሎን ሁሉ ይላላል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ በርዝመቱ ተመልከቱ፤ እንደ ቀስት የጎበጠውን መልሱ። ሻጩ ቢኮሳተርም ክምሩን እስከ ታች ማገላበጥ መብታችሁ ነው።

ከአራቱ 2×4 ላይ እያንዳንዳቸው ሁለት 34½ ኢንች ቁረጡ፦ ስምንት የእግር ቁራጭ ይወጣል። ከቀሩት አራት ላይ እያንዳንዳቸው አንድ 66 ኢንች ቁረጡ፦ ሁለት የላይ፣ ሁለት የታች ቁመታም አግዳሚ። ከሁሉም የተረፈው ጉማጅ 27 እና 30 ኢንች ገደማ ነው፤ ከእያንዳንዱ 18 ኢንች አውጡ። ስምንት አጭር መስቀለኛ አገኛችሁ፦ አራቱ ለላይ፣ ሦስቱ ለታች፣ አንዱ ትርፍ። ኮምፔንሳቶውን ሱቁ መጀመሪያ 72 ኢንች ላይ አግድም ይቁረጠው፣ ቀጥሎ ትልቁን ክፍል በርዝመቱ ለሁለት። መጋዙ የሚበላው ⅛ ኢንች ስለሆነ እያንዳንዱ ሩብ ኢንች በማይሞላ ከ24 ያንሳል፣ ምንም አይደለም። የተረፈው 24 በ48 ቁራጭ ወርዱ ወደ 21 ተከርክሞ የታች መደርደሪያ ይሆናል።

ስምንቱን የእግር ቁራጮች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በኮላና በቪቴ አጣብቁ። በሞርሴቶ ጠርቅማችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩ። የላይኛውን ፍሬም ወለል ላይ አንጥፉ፦ ሁለቱ ረጃጅሞች ከውጭ፣ አጫጭሮቹ በመካከላቸው፣ በየመጋጠሚያው ሁለት 3 ኢንች ቪቴ። ፍሬሙ 66 በ21 ይሆናል። ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ስኳድራ ብቻ አትመኑ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ሁለቱም 69¼ ኢንች ገደማ መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ፣ በበለጠው በኩል ማዕዘኑን በመዶሻ ገፋ ገፋ አድርጉት። ሁለተኛውን ፍሬም በዚያው ላይ ደርባችሁ ብትሠሩት አንድ ዓይነት ይወጣል።

እግሮቹ በፍሬሙ ውስጠኛ ማዕዘን ላይ ይቆማሉ። ይህ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፦ እግሩ ከኋላው አግዳሚ 1½ ኢንች ወደ ውስጥ ስለሚገባ የግድግዳው ግርጌ እንጨት አያግደውም፣ ጠረጴዛው ግድግዳውን ጥብቅ አድርጎ ይነካል። የታችኛውን ፍሬም ከወለል 8 ኢንች ከፍ አድርጉ። በየመጋጠሚያው ሁለት ብሎን ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቀጥታ መስመር አትብሱ፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ በሰያፍ። በአንድ የእንጨት ጅማት ላይ ሁለት ቀዳዳ ካረፈ ጣውላው ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። አግዳሚው 1½፣ እግሩ 3፣ በድምሩ 4½ ኢንች ስለሆነ ባለ 5 ኢንቹ ብሎን ለሮንዴላና ለዳዶ ትንሽ ብቻ ይተርፈዋል። ድቡልቡሉ ራስ እንጨቱ ውስጥ እስኪሰምጥ በመዶሻ ምቱት።

አሁን ገጹ። የመጀመሪያውን ኮምፔንሳቶ ከኋላ ከፍሬሙ ጋር እኩል፣ ከፊት 3 ኢንች ወጣ ብሎ፣ በግራና በቀኝም 3 ኢንች ወጣ ብሎ አስቀምጡና ከላይ በ2½ ኢንች ቪቴ ከፍሬሙ ጋር እሰሩት። ሁለተኛውን በኮላ ደርቡበት። ኮላውን ጥርስ ባለው ማሰራጫ መላውን ገጽ አዳርሱት፣ ነጠብጣብ አይበቃም። ከታች በ1¼ ኢንች ቪቴ በየ8 ኢንቹ ሳቡት፤ ከዚያ የረዘመ ቪቴ ገጹን ቀድዶ ይወጣል። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይደር። ሃርድቦርዱን መጨረሻ ላይ በጥቂት ትንንሽ ቪቴ ብቻ ያዙት፤ ዘይትና የእርሳስ ብረት (ሊድ) አቧራ ሲጠጣ አውጥቶ መቀየር የተፈጠረበት ሥራው ነው።

የፊቱ 3 ኢንች መውጣት ለሞርሴቶና ለፕሬሱ ብሎን ነው። ሙሉ ካቢኔት መሰል አድርገው ፊቱን የሚዘጉ ንድፎች አሉ፣ ያምራሉ፣ ግን ምንም ነገር ከጠርዙ ጋር አይያዝላችሁም።

ፕሬሱን ማሰር

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀደም ብሎ ያነሣችሁትን ወረቀት ከጠርዙ ጋር አስተካክላችሁ አጣብቁት። ቦታው ከእግሩ ጎን፣ በእግሩና በመጀመሪያው መካከለኛ መስቀለኛ መሐል ይሁን። የጠረጴዛው መካከል ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚለመጠው እሱ ነው። እጀታው እስከ ታች ሲወርድ ጉልበታችሁን፣ ወንበሩን ወይም አግዳሚውን እንዳይመታ በባዶው ሞክሩት።

ብዙዎቹ ፕሬሶች ¼ ወይም 5/16 ኢንች ብሎን ይቀበላሉ። የግድ ገብቶ የሚያልፍ ብሎን መሆን አለበት። ወደ እንጨት የሚጠመዘዝ ወፍራም ቪቴ ለጥቂት መቶ ቀለህ ይይዝና ቀዳዳውን አስፍቶ ይነቀላል፤ ኮምፔንሳቶ በተለይ ጥርስ አይዝም። ከሥር ¼ ኢንች ውፍረት፣ 4 በ10 ገደማ የሆነ የብረት ቁራጭ በተመሳሳይ ቀዳዳ ብሱና እንደ ትልቅ ሮንዴላ ተጠቀሙበት። በተራ ሮንዴላ ብቻ ከታሰረ ብሎኑ ሲጠብቅ ሮንዴላው እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ትጠብቁታላችሁ፣ ይሰምጣል፣ እንደገና ትጠብቁታላችሁ። ዳዶው ከውስጥ ናይሎን ያለው ይሁን።

የኋላው ቀዳዳ ልክ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ካረፈ አትዘኑ። በረጅም ፑንታ አግዳሚውን ከላይ እስከ ታች ብሱትና 6 ወይም 7 ኢንች ብሎን አሳልፉ። ከሁሉ የጠነከረው አስተሳሰር እንዲያውም ይህ ነው። ፑንታው ቀጥ ማለቱን ሌላ ሰው ከጎን ይይላችሁ፣ በግማሽ መንገድ ከተጣመመ ከጎን ይወጣል።

ከአንድ በላይ መሣሪያ ላላቸው፦ ለፕሬሱ፣ ለቀለህ መቁረጫው፣ ለትንሿ ሞርሳ ለየብቻ 10 በ12 ኢንች የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አዘጋጁ፣ አራቱን የማሰሪያ ቀዳዳ ግን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ። ጠረጴዛው ሥር ጥርስ ያለው ማስገቢያ ዳዶ ከተተከለ መሣሪያ መቀየር ሁለት ደቂቃ ነው። ኢንላይን ፋብሪኬሽን የሚሸጠው ከፍ የሚያደርግ የብረት ማቆሚያም ለዚህ ይመቻል፣ ዝቅ ያለ የቢሮ ጠረጴዛን ቆሞ ለሚሠራ ያደርሰዋል። ፕሬሱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን በሥሩ ብሎኖች ላይ ያለው ግልበጣም ያድጋል፤ ማቆሚያው ደካማ ጠረጴዛን ይበልጥ ያጋልጠዋል እንጂ አይደብቀውም።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ለቆመ ሰው ከ36 እስከ 40፣ ለተቀመጠ ከ28 እስከ 30 ኢንች የተለመደ ነው። እግር ከመቆረጡ በፊት ፕሬሱን በሞርሴቶ ከሌላ ጠረጴዛ ወይም ከመደርደሪያ ጋር አስራችሁ ጥቂት ቀለህ አሳልፉ። እጀታው ታች ሲደርስ ወገባችሁ ከጎበጠ ዝቅ ብሏል፣ ትከሻችሁ ከተነሣ ከፍ ብሏል።

ግድግዳና ወለል

ከጥሩ ገጽ ይልቅ ሁለት ቪቴ ግድግዳ ላይ ይበልጣል። የአሜሪካ ቤት ቋሚ እንጨቶች አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 16 ኢንች ይራራቃሉ፣ ስለዚህ 66 ኢንች አግዳሚ አራት ያህል ያገኛል። በእያንዳንዱ ሁለት የ4 ኢንች የግንባታ ቪቴ፦ 1½ በአግዳሚው፣ ½ በጂፕሰሙ ያልፍና 2 ኢንቹ ቋሚው ውስጥ ይይዛል። ጂፕሰም ብቻ ያገኘ ቪቴ ምንም አልያዘም።

ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳውን ተዉትና ክብደት ጨምሩ። የ½ ኢንቹን ኮምፔንሳቶ ከኋላ በየ6 ኢንቹ በቪቴ ወትሩት፣ በታች መደርደሪያው ላይ አራት የ60 ፓውንድ አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ከረጢት ደርድሩ። ከረጢቱን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ አቧራው ባሩድ መመጠኛው ውስጥ ይገባል።

የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። በአንድ ጫማ ⅛ ኢንች ቢያዘነብል፣ በርዝመቱ ወደ በሩ የተቀመጠ 66 ኢንች ፍሬም ከጫፍ እስከ ጫፍ 11/16 ኢንች ይለያያል። በእግሮቹ ሥር 3/8 የሚስተካከል ብረት ጫማ አድርጉና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ካርቶን አጥፎ መክተት አይሠራም፤ ካርቶን ይጠጣል፣ ይጫናል፣ በወሩ ጠፍጣፋ ነው።

ሚዛንና ብርሃን

ጠረጴዛው የቱንም ያህል ቢጠነክር ሚዛኑን እሱ ላይ አታስቀምጡ። በዓይን ቁመት፣ ግድግዳው ላይ ለብቻው የተሰቀለ ትንሽ መደርደሪያ ስጡት። የአንድ ግሬን (ባሩድ የሚመዘንበት የክብደት መለኪያ) አሥረኛ ማለት 0.0065 ግራም ነው፤ የማሞቂያው ንፋስ እንኳ ያንቀሳቅሰዋል። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ቁጥሩ ዝም ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ መጀመሪያ የንፋስ መውጫውን፣ ቀጥሎ አሮጌውን የፍሎረሰንት መብራት ተጠራጠሩ። በኤልኢዲ ቀይሩት፣ መብራቱም ከጭንቅላታችሁ ፊት ለፊት ይሁን፣ ከኋላ ከሆነ ጥላችሁ ቀለሁ ውስጥ ይወድቃል። ባሩድ የገባበት ቀለህ ሁሉ በዓይን መታየት አለበት።

ገጹ ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ቀለም ይኑረው፣ የፈሰሰ ባሩድ እንዲታይ። ከኋላና ከጎን ½ ኢንች ከፍታ ያለው ክፈፍ ቀለህ እንዳይንከባለል ይረዳል፣ ከፊት ግን አታድርጉ፣ ክንድ ይቆርጣል። ከሥር ምንጣፍ አይኑር፤ ምንጣፍ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያመጣል፣ የወደቀ ፕራይመርም ይደብቃል። የፈሰሰ ባሩድ በብሩሽና በመጥረጊያ ይነሣል እንጂ በአቧራ መሳቢያ ማሽን አይነካ፦ ሞተሩ ብልጭታ አለው።

ጠረጴዛው ላይ የማይቀመጠው

መሳቢያና የታች መደርደሪያ ያለው ጠረጴዛ ሁሉ መጋዘን መስሎ ይታያል። አይደለም። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፈተው አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ ነው። ሁለት ከተከፈቱ አንድ ቀን ይቀላቀላሉ፣ የተቀላቀለ ባሩድም የሚጣል ነው። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ኤንኤፍፒኤ 495 መሠረት መኖሪያ ቤት ውስጥ እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያ ዕቃው ይቀመጣል፤ ከ20 እስከ 50 ፓውንድ ከሆነ ውፍረቱ በስም 1 ኢንች ከሚሆን እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ። ፕራይመር ከ10,000 አይበልጥም። የአካባቢው ደንብ ከዚህ ያነሰ ከሆነ እሱ ነው የሚሠራው። ባሩዱን በታሸገ የብረት ሣጥን ወይም ካዝና ውስጥ አትቆልፉ፤ እሳት ቢነሣ ባሩድ በክፍት ቦታ ይነዳል፣ በታፈነ ብረት ውስጥ ይፈነዳል። በጋ ላይ የሚጋገረውም ጋራዥ አይስማማውም፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ቤት ውስጥ ፈልጉለት።

ያገለገለ ቀለህና የሚያጸዳው ማሽን አቧራ የእርሳስ ብረት (ሊድ) አለበት። ቡና ይዞ መቀመጥ የሚወድ ሰው ሲኒውን ከክፍሉ ውጭ ይተወው። ሥራው ሲያልቅ ሃርድቦርዱ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ልጆች የሚደርሱበት ከሆነ ፕራይመር አንድም ፍሬ አይደር።

የመጨረሻው ሥራ ከአንድ ወር በኋላ ነው። እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ተላምዶ ሲጠባ 16ቱም ብሎኖች ትንሽ ይላላሉ፤ ሁሉንም አንድ ዙር አጥብቁ፣ የፕሬሱንም ጨምራችሁ። ከዚያ በየዳዶው ላይ ከዳዶው ወደ እንጨቱ ወይም ወደ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ። መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ዞሯል ማለት ነው፣ ጎንበስ ብሎ በባትሪ ማየት ይበቃል።